ገበያ መሀል የጮኸ መርዶ

ቅዳሜ

ምነው አፌን በቆረጠው! ድምፅ ማጉያውን የቀበሌው ሊቀመንበር ለስልክ ቤታችን ያዋሱን፣ ስልክ የመጣለትን ሰው በገበያ ቀን እንድንጠራበት ነው። ደስ ብሎኝ ነበር። ደባርቅን በሙሉ በአንድ ትንፋሽ መጥራት!

ጠዋት ከጎንደር ተደወለ። የእማማ የሻረግ ወንድም ናቸው። «ልጇ ሞላ ሐኪም ቤት አርፏል። ለሽማግሌ ብቻ ንገሪልኝ። እሷ እንዳትሰማ፤ ነገ ማለዳ እነሱ ይንገሯት» አሉኝ። እሺ አልኩ። ሽማግሌዎቹን በዚያ ግርግር ማን ዞሮ ይፈልጋል? ማጉያውን ከፈትኩና «የላይ ሰፈር ሽማግሌዎችና የእማማ የሻረግ የንስሐ አባት፣ ባስቸኳይ ወደ ስልክ ቤት!» አልኩ። ደገምኩትም።

ሞት የሚል ቃል አልወጣኝም። ግን ሽማግሌና የንስሐ አባት አብረው ሲጠሩ ምን እንደሆነ የማያውቅ ማን አለ? እማማ የሻረግ እዚያው ገበያ ነጭ ሽንኩርት እየሸጡ ነበር። ጩኸታቸው እዚህ ድረስ ተሰማኝ።

እሑድ

ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም። ሊቀመንበሩ መንገድ ላይ አግኝተውኝ «ጓዲት፣ ድምፁ ጥርት ብሎ ይሰማል!» አሉኝ። መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ።

የሰደበኝ ሰው የለም። የባሰው እሱ ነው። ለቅሶ ልደርስ ወጥቼ አጥራቸው ጋ ስደርስ ተመለስኩ። ፈሪ!

ሰኞ

ሄድኩ። በር ላይ ከሴቶቹ ጋር ተቀመጥኩ። እማማ የሻረግ ድምፃቸው ተዘግቷል።

«ባለ ስልኳ አንቺ ነሽ?»

«አዎ እማማ። ይቅር ይበሉኝ።»

«ሰው እንደሌለኝ! ማለዳ ሽማግሌ ገብቶ፣ ጎረቤት ግራና ቀኝ ይዞኝ እንደ ሰው መርዶዬን በሰማሁ። ስወድቅ እንኳ የያዘኝ የለም።»

እንባዬ መጣ፤ በሳቸው ለቅሶ ለራሴ ማልቀሴም አሳፈረኝ። ቆይተው «ዝናሽ ልጄ አዲ አርቃይ ናት። ነፍሰ ጡር ናት፤ ገና አልሰማችም። እሷን እንኳ እንደኔ አታድርጓት» አሉ።

ሳላስበው «ለኔ ይተዉልኝ» አልኩ። አንዷ አሮጊት ዞር ብለው «ደግሞ በዚያ መለከትሽ?» አሉኝ። ይገባኛል።

ማክሰኞ

የአዲ አርቃዩ ኦፕሬተር «ዝናሽን ላስጠራልሽ?» አለኝ።

«የለም! ስሟን እንዳትጠራ። ራስህ ሄደህ የንስሐ አባቷን አምጣልኝ። ለማንም አትናገር።»

ሳቀብኝ፤ ግን ሄደ። አባ መጡ። እንዴት አደሩ ብዬ፣ ስለ ጤናቸው ጠይቄ፣ «አባቴ፣ አጠገብዎ የሚሰማ ሰው አለ?» አልኩ። ኦፕሬተሩን አስወጡት። ከዚያ ነገርኳቸው።

«ነፍስ ይማር። ነገ ማለዳ ባሏንና ጎረቤቶቿን ይዤ እገባለሁ። ደግ አደረግሽ ልጄ» አሉኝ።

ደግ! የቅዳሜውን አልሰሙ። እውነቱን ልነግራቸው ብዬ ተውኩት።

ሐሙስ

ለቅሶ ቤቱ በር ላይ እንዳለሁ ዝናሽ በጭነት መኪና ጋቢና መጣች። ባሏና አንዲት ጎረቤቷ ደግፈው አስገቧት። እናትና ልጅ ተቃቅፈው ያለቀሱትን መጻፍ አልችልም።

በረድ ሲልላቸው እማማ የሻረግ «ማን ነገረሽ?» አሏት።

«አባ ናቸው፣ በማለዳ። ቤቱ ሰው ሞልቶ ነበር። ሳይናገሩ በፊት ይዘውኝ ነበር፣ እማዬ።»

እማማ የሻረግ ከሰዉ መሀል በዓይናቸው ፈልገው አገኙኝ። አጠገባቸው ያለችውን ሴት ጠጋ በይ አሉና መደቡ ላይ ቦታ ለቀቁልኝ። ይቅር ብለውኝ ይሁን አላውቅም። ሄጄ ተቀመጥኩ።