ቀልዳችንን ለመዘገበው ልጄ

ውድ ልጄ ኩልጋ፣

«ውድ» ያልኩህ፣ ይህን የምትጽፍልኝ የመንደራችን መምህርት ደብዳቤ የሚጀመረው እንዲህ ነው ስላለችኝ ነው። ቃሉ የኔ ነው፣ እጁ የሷ። አንዳንዱን ላለስልሰው ወይ ብላኝ ነበር፤ እንደ ወጣ ጻፊው አልኳት።

ወዳጄ ፓሬ ሞተ። ማክሰኞ ቀበርነው።

የመሬት መዝገብ በኮምፒውተር ሊሆን ነው፣ አገር ሊያድግ ነው ብለህ፣ ያን ጠፍጣፋ መሣሪያ ይዘህ በመንግሥት መኪና የመጣህ ቀን፣ እኔና ፓሬ ማሽላው ዳር ተቀምጠን ነበር። «ይህ እርሻ የማን ነው?» ብለህ ፓሬን ጠየቅኸው። አያቱ የመነጠረውን እርሻ! አንተ ራስህ በልጅነትህ ኦቾሎኒ የሰረቅህበትን! እኔ አፌ አላስቻለኝም።

«እሱን ምን ትጠይቀዋለህ? ይሄ ሳሞ ባሪያዬ ነው። ባሪያ ምን መሬት አለው?» አልኩ።

ፓሬ እየሳቀ፣ «እውነቱን ነው ጌታዬ! ጻፈው ልጄ፤ መሬቱም የሱ፣ እኔም የሱ። ብቻ እኛ ሳሞዎች የምንወደውን የውሻ ጭንቅላት ለብቻው እንዳይበላብኝ» አለ።

እኛ ሞሲዎችና የፓሬ ወገኖች ሳሞዎች፣ ከአያቶቻችን ጀምሮ በቀልድ «ባሪያዬ» ተባብለን ካልተሰዳደብን ሰላም እንዳልተባባልን ታውቃለህ። ስም የወጣልህ ቀን ፓሬ አቅፎህ «ይሄን አስቀያሚ ለማን ልትሸጡት ነው?» ሲል፣ እናትህ እንባዋ እስኪወርድ ስቃለች። ይህን ከጡት ጋር ነው የጠባኸው። ያን ቀን ግን አልሳቅህም። የኔን ስም ጻፍህ፣ የፓሬን አውራ ጣት ይዘህ የመሣሪያህ መስታወት ላይ አሳረፍህና ሄድህ። እሱ ምስኪኑ የቀልዱ ማሟያ መስሎት ነበር።

በዓመቱ ለኢንተርኔቱ ማማና ለኮምፒውተሮቹ ቤት ቦታ ሲፈለግ፣ ከአንድ በላይ እርሻ ካለው ሰው አንዱ ይወሰድ ተባለ። የኔ «ሁለተኛ» እርሻ የፓሬ እርሻ ሆኖ ተገኘ። መሬት ቢሮ ሄጄ የኔ አይደለም ብዬ ጮህኩ። እዚያ የምትሠራው ልጅ ስክሪኗን እያየች፣ «አባባ፣ እዚህ የእርስዎ ነው ይላል። የሚያስተካክለው የመዘገበው ሰው ብቻ ነው» አለችኝ። የመዘገበውማ ልጄ ነው ብዬ ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ። ቂል ነኝ።

ደወልኩልህ። «አባዬ፣ አንድ ስህተት ካመንኩ የመዘገብኩት ሁሉ ይመረመራል። ሹመቴ ደርሷል። ደግሞስ ባሪያዬ ነው ያልከው አንተ አይደለህም?» አልከኝ።

አዎ፣ እኔ ነኝ። ስልኩን ዘጋሁት።

እርሻው ከታጠረ ወዲህ ፓሬ ሰድቦኝ አያውቅም። መንገድ ላይ ሲያገኘኝ «እንደምን አደሩ» ይለኝ ጀመር። ስድሳ ዓመት ተሰዳድበን ኖረን፣ አንቱ አለኝ! ያን ጊዜ ነው የቀበረኝ።

ሳሞ ሲሞት ሞሲ ሟቹን አስመስሎ ለቀስተኛውን የሚያስቅበትን ደንብ ቀብሩ ላይ አላጓደልኩም። የፓሬን ባርኔጣ አድርጌ፣ አነካከሱን እያስመሰልኩ ሄጄ የጉድጓዱ አፍ ላይ ተጋደምኩ። «ባሪያዬን ካሳዬን ሳትሰጡኝ አትቀብሩትም!» አልኩ። ሊስቁ፣ ሊሰድቡኝ፣ እግሬን ይዘው ሊጎትቱኝ ይገባ ነበር። ማንም ጥርሱን አላሳየም። ትልቁ ልጁ መጥቶ ከራስጌዬ ቆመና፣ «ይነሱ ጌታችን። መሬቱን ወስደዋል፤ ሬሳውንም ይፈልጉታል?» አለኝ።

ማንም እጁን አልሰጠኝም። ብቻዬን ተነሳሁ።

አሁን ስማኝ። አጥሩ ቆሟል እንጂ ሲሚንቶው ገና አልፈሰሰም። ሐሙስ ከመምሸቱ በፊት መሣሪያህን ይዘህ ና። በፓሬ ልጆች ፊት ተንበርከክና ቀልድ መሆኑን እያወቅህ መጻፍህን ተናገር፣ ከዚያ ስሜን ሰርዝ። ካልመጣህ መምህርቷ ዓርብ ዋና ከተማ ትሄዳለች፤ የዚህን ደብዳቤ ግልባጭ ለአለቃህ በእጁ ትሰጠዋለች። ሹመትህ ይቀራል፣ ምናልባትም ትታሰራለህ። እናትህ ከአሁኑ እግሬ ላይ ወድቃለች፤ አልሰማኋትም። ስንቅ አላቀብልህም፣ ሊጠይቅህ የሚመጣ ሰውም ከዚህ ቤት አይወጣም።

እስከ ሐሙስ ድረስ አባትህ፣
ኖቢላ