«ትድናለች» ብዬ የተረጎምኩት

ሐምሌ 17፣ ፉሪ

ዝናቡ ዛሬም አላባራም። የማስተረጉምለት ወጣቱ ብራዚላዊ ሚሲዮናዊ ማቴዎስ የእኛን ክረምት ገና አልለመደውም፤ ወይዘሮ ብርቄ ቤት ለቅሶ የደረስነው ብርዱ እያንቀጠቀጠው ነው። ባለፈው ሳምንት ለታመመች ልጃቸው ጸልዮ «ትድናለች» ሲል፣ በአማርኛ የነገርኳቸው እኔ ነኝ። ልጅቷ ትናንት ተቀበረች።

ድንኳኑ ውስጥ ወይዘሮ ብርቄ እሱን አላዩትም፤ እኔን ነው ያዩኝ።

«ሐኪም ቤት ልወስዳት ነጠላዬን ለብሼ ነበር እኮ። አንተ ትድናለች ስትለኝ ጊዜ ተቀመጥኩ» አሉኝ።

ማቴዎስ «ምን አሉ?» ብሎ ጠየቀኝ። ምንም ሳልቀንስ ነገርኩት። አንገቱን ደፋ። ከዚያ ቀስ ብሎ «ይቅርታ በላቸው» አለኝ።

ጎንበስ ብዬ «ይቅርታ» አልኳቸው። የእሱን ይሁን የራሴን፣ አሁንም አላውቅም።