ጳጉሜን ላይ በመወለዷ እናቴ ስላላየችው ባሕር

ለተከበሩ የወረዳችን የልደት ምዝገባ ኃላፊ፣

ይህ ደብዳቤ ከአንዱ ስብሰባ ወጥተው ወደ ሌላው ሳይገቡ ቢደርስዎ ምንኛ ደስ ባለኝ። ለእርስዎና ለቤተሰብዎ ሙሉ ጤና፣ ለሰብሳቢዎችዎም ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ በትሕትና እጅ እነሳለሁ።

እኔ በቦሌ ሚካኤል አካባቢ ልብስ የምሰፋ ዲና ግርማይ ነኝ። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የአሰብ መስመር የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። ከጉዞ በተመለሰ ቁጥር ስለ ባሕሩ ሲያወራላት የኖረችው እናቴ ፀሐይነሽ ግን እስከ ዛሬ ያየችው ትልቁ ውሃ የቢሾፍቱ ሐይቅ ነው። በሰኔ ሐኪሟ የዓይን ግፊቱ ሁለቱንም ዓይኖቿን እየጨረሳቸው መሆኑን ነግሮን፣ ማየት የምትፈልገው ነገር ካለ እስከ ጥቅምት ድረስ እንድታይ መከረን። እሷም ሳታመነታ ባሕር አለች። ሞምባሳ ልወስዳት ቆረጥኩ፤ ለዚህም ፓስፖርት፣ ለፓስፖርቱም የእርስዎ የልደት የምስክር ወረቀት አስፈለገ። ይህን የምጽፍልዎ በኅዳር አጋማሽ ነው።

ከዚህ በታች የዘረዘርኩት ምስጋና እንጂ ክስ እንዳይመስልዎ።

፩ኛ. እናቴ የተወለደችው ጳጉሜን ሦስት፣ በሩፋኤል ዕለት ነው። የቢሮዎ ኮምፒውተር ግን ከነሐሴ ዘሎ መስከረም ይገባል። መስኮቱ ላይ ያገኘነው ሠራተኛዎ አቶ ኢያሱ፣ ከነሐሴ ሠላሳና ከመስከረም አንድ የወደደችውን እንድትመርጥ ፈቀደላት። በስልሳ ስምንት ዓመት የልደት ቀንን እንደ ጫማ አማርጦ መውሰድ ማንም የማያገኘው ዕድል ነውና እናመሰግናለን። እናቴ ዓውደ ዓመት ስለምትወድ መስከረም አንድን መረጠች።

፪ኛ. ይኸው ኮምፒውተር ከዓመታት በፊት ለመታወቂያዋ ነሐሴ ሠላሳን ሰጥቷት ኖሯል። በመካከሉ ዘመን ስለሚለወጥ፣ አንዷ እናቴ በ፲፱፻፵፱፣ ሌላዋ እናቴ በ፲፱፻፶ ዓ.ም. ተወለዱ። ፓስፖርት የሚሰጡትም ሁለት ሴቶች ናችሁ ብለው መለሷት። እርስዎ ደግሞ ለእርማቱ፣ ስትወለድ በቦታው የነበሩና የታደሰ መታወቂያ የያዙ ሦስት ምስክሮች እንድናቀርብ በጽሑፍ አዘዙን። አዋላጇ ከሞተች ሃምሳ ዓመት ስላለፋት፣ መታወቂያዋን ሳታሳድስ በመቅረቷ በእሷ ስም ይቅርታ እጠይቃለሁ።

፫ኛ. ከነሐሴ ወዲህ አሥራ አንድ ጊዜ ቢሮዎ መጥቻለሁ። እርስዎ ስብሰባ ላይ ነበሩ፤ ኮትዎ ግን አንድም ቀን ሳይጎድል ወንበርዎ ላይ ሆኖ ተቀብሎኛል። የግራ እጅጌው ስፌት ተተርትሯል፤ ቢልኩልኝ በነፃ እጠግነዋለሁ። ጸሐፊዎ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ብላ አጽናናችኝ። እንቁላሉ እስካሁን ሞምባሳ ሳይደርስ አልቀረም፤ እኛ ግን ገና እዚሁ ሰፈራችን አጠገብ ያለውን የኢምፔሪያል አደባባይ አላለፍንም።

፬ኛ. እናቴ ማዕበል ቀሚስ ይገልባል ሲባል ሰምታ ስላፈረች፣ ጫፉ ውስጥ ከባድ የኮት ቁልፎች የገቡበት ረጅም ቀሚስ በሐምሌ ሰፍቼላታለሁ። ሻንጣው በር ሥር ነው። እኔም መቀመጥ አቅቶኛል፤ የደንበኛ ልብስ ጀምሬ እተዋለሁ፣ ስልክ በጮኸ ቁጥር እርስዎ መስለውኝ መርፌ ይወጋኛል፣ ያንን ቀሚስ አውጥቼ ደግሜ አጥፌ እመልሰዋለሁ። ባለፈው ሳምንት እናቴ ቀለሙ ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ሰማያዊ ነው፤ ጨርቁን መርካቶ ወርዳ የመረጠችው ራሷ ነበረች። ፈርቻለሁ፣ የተከበሩ ኃላፊ፤ ይህችን ያለ ምንም ሽሙጥ ነው የምልዎ።

ስለዚህ ጳጉሜንን ወደ ቦታዋ መመለሱ ከሥልጣንዎ በላይ ከሆነ፣ ከሁለቱ እናቶቼ ለአንዷ ብቻ እንዲፈርሙልኝ እለምናለሁ። የትኛዋም ብትሆን አልመርጥም፤ ይዣት እሄዳለሁ።

በዚህ ጽሑፍ ጊዜዎን ስላባከንኩ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ የእኛን ጊዜ ስላባከኑልን እያመሰገንኩ፣ ከባዶ ወንበርዎ ፊት እስከ ወለሉ ዝቅ ብዬ፣

ታዛዥዎ
ዲና ግርማይ

ማሳሰቢያ፦ ደብዳቤውን ሳነብላት እናቴ ባሕር ድምፅ አለው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አለው አልኳት። እንግዲህ አይቸኩሉ።