ለቅሶዬን ደርሰው «ቀሪ» ላሉኝ ሥራ አስኪያጅ

ለተከበሩ አቶ ገሪማ፣
ዲላ በሚገኘው የቡና ማከማቻ ድርጅታችን ሥራ አስኪያጅ

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ፣ ቤተሰብዎና አዲሱ የቢሮዎ ምንጣፍ ሁሉ ደህና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ አባቴን ቀብሬ ከመመለሴ በቀር ደህና ነኝ። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤዬን በሩ አጠገብ ባለው ሰሌዳ ለጥፈው ሠራተኛው ሁሉ እንዲያነብልኝ ስላደረጉ፣ መልሴንም ከጎኑ ለመለጠፍ ደፍሬያለሁ።

እንደሚያስታውሱት አባቴ ወናጎ ባረፉ ዕለት የክፍል ኃላፊዬን ወይዘሮ መነንን አስፈቅጄ ሄድኩ። በማግስቱ እርስዎ በሥራ ሰዓት፣ በድርጅቱ መኪና፣ ነባር ሠራተኞችን አስከትለው ለቅሶ ደረሱ። ድንኳን ውስጥ ተቀምጠው ንፍሮ ቀመሱ፣ ጸሎቱ ሲያበቃም ዓይንዎን በመሐረብ ጠርገው እጄን ያዙና «አይዞሽ ልጄ፣ ስለ ሥራ አታስቢ» አሉኝ። አዲስ ሠራተኛ አለቃውን መታዘዝ አለበትና አላሰብኩም። ስመለስ ግን እጄን የያዙበት ቀን ሳይቀር «ያለ ፈቃድ ቀሪ» ተብሎ ጠበቀኝ፤ አንድ ቀን ብደግም እንደምሰናበትም ተጽፏል። ስለሆነም ቅሬታዬን በትሕትና አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ የሐዘን ፈቃድ የሚሰጠው የሙከራ ጊዜውን ለጨረሰ ነው ተብያለሁ። አባቴ ጥቂት ሳምንት መታገሥ ነበረባቸው ማለት ነው፤ ደንቡን ሳያውቁ በማረፋቸው በስማቸው ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ሁለተኛ፣ የፋሲካ ዕለት ከደመወዜ ተቆርጧል። ትንሣኤው ነባር ሠራተኞችን ብቻ እንደሚመለከት በቤተ ክርስቲያናችን አልተሰበከም ነበርና ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ።

ሦስተኛ፣ ለቅሶ ለደረሰበት ሠራተኛ የሚዋጣው መዋጮ ከእኔም ደመወዝ ተነሥቷል። ለራሴ አባት ለቅሶ ለራሴ አዋጣሁ። ለመዋጮ ሲሆን ነባር፣ ለፈቃድ ሲሆን አዲስ መሆኔ የድርጅቱን ሚዛን ትክክለኛነት ያሳያል።

አራተኛውን በትሕትና ልጽፈው ሞክሬ አልሆነልኝም። ክቡር ሆይ፣ አስጸይፎኛል። ከደመወዙ ይልቅ ያ መሐረብ ያስጸይፈኛል፤ በአባቴ ለቅሶ ድንኳን እጄን ይዘው አጽናንተውኝ፣ ቢሮ ሲመለሱ በዚያው እጅ መፈረምዎ ያስጸይፈኛል። እኔ በዚያ ቀን ከሥራ ቀሪ ከነበርኩ፣ ከፊቴ ተቀምጠው የነበሩት እርስዎ የት ነበሩ? የእርስዎ ቀን ሙሉ ሥራ ተብሎ የውሎ አበልም እንደተከፈለበት የሂሳብ ክፍል ሠራተኛ ነኝና አውቃለሁ።

ከዚህ ቤት የምሻው ነገር ትንሽ ነው፤ ከአባቴ ሞት አጠገብ የተጻፈችው «ቀሪ» የምትል ቃል ትሰረዝልኝ። እናቴ አሁን በእኔ ደመወዝ ነው የምታድረው፤ ነገ ወባ ቢይዘኝ እንኳ ታምሜ መቅረት አልችልም።

እንጀራዬን በአንድ እጅዎ፣ እጄን በሌላው ይዘው ላጽናኑኝ ለእርስዎ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ ለዘለዓለም አዲስ የሆንኩት አገልጋይዎ፣

ሔርሜላ ታሪኩ
ከሂሳብ ክፍል

ማስታወሻ፦ ወላጅ እናትዎ መታመማቸውን ሰምተን አዝነናል፤ እግዚአብሔር ይማርልን፣ ዕድሜም ይስጣቸው። ክፉ ቀን ቢመጣ ግን እኛ አዲሶቹ ቀሪ እንዳንባል ከሥራ ሰዓት ውጭ መጥተን እጅዎን እንይዛለን። እርስዎ ስለ ሥራ አያስቡ።