ከላይኛው ቤት የሚወርደውን ቱቦ ስለ መድፈኔ

ሰኞ፣ ሚያዝያ 16 ቀን 1970 ዓ.ም.
ጎንደር

ለተከበሩ ጓድ ዓለምነው
የቀበሌያችን ሊቀመንበር
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ቤተሰብዎ፣ ዘበኞችዎና ከወገብዎ የማይለየው ሽጉጥዎ ሁሉም ደህና እንደሆኑ አምናለሁ። ዛሬ የሕማማት ሰኞ ነው፤ ይሁዳ ጌታውን በሰላምታ አሳልፎ ስለ ሰጠ እኛ የድሮ ሰዎች በዚህ ሳምንት ሰላምታ አንለዋወጥም። ስለዚህ ይህን የጤና ጥያቄ ካለፈው ሳምንት የተረፈ አድርገው ይቀበሉልኝ ዘንድ በትሕትና እለምናለሁ።

ስሜ ሀብተሥላሴ ውዱ ይባላል፤ ዕድሜዬ ስድሳ ሁለት ነው። ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም፤ ፊደል የለየሁት የመቃብር ድንጋይ ለሚጽፍ ሰው ድንጋይ ስሸከም ነው። ስለ ፖለቲካ አላውቅም። ስለ ቱቦ ግን ከእርስዎም ከጽሕፈት ቤትዎም የተሻለ አውቃለሁ፤ ደብዳቤዬም ስለ ቱቦ ነው።

ቀበሌው ከነጋዴው ወርሶ እስር ቤት ያደረገው የላይኛው ቤት በጣሊያን ጊዜ ሲሠራ የፍሳሽ መውረጃውን ቆፍሬ የቀበርኩት እኔ ነኝ። ቱቦው ከዚያ ቤት ወለል ተነሥቶ፣ በግቢዬ ሥር አልፎ፣ ወደ አንገረብ ወንዝ ይወርዳል። ሌላ መውጫ የለውም። በግቢዬ መካከል የድንጋይ ክዳን ያለው ጉድጓድ አለ፤ የእኔም ቤት እድፍ ከዚያው ይገባል። ይህን የምዘረዝረው ጓዶችዎ ወደ ቱቦ የጣሉት ነገር ከዓለም የጠፋ ስለሚመስላቸው ነው። አይጠፋም። ወደ እኔ ይመጣል።

አቤቱታዬን በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ። ከየካቲት መጨረሻ ጀምሮ ቱቦው ተዘግቶ፣ በላይኛው ቤት ወለል ሲታጠብ ውሃው በእኔ ማድ ቤት በኩል ይወጣል። እናንተ ደግ ሆናችሁ ዘወትር ከማጠባችሁ በፊት በድምፅ ማጉያ የትግል መዝሙር ስለምታሰሙን፣ ባልዲ ለማዘጋጀት በቂ ጊዜ እናገኝ ነበር፤ ለዚህ አሳቢነታችሁ ምስጋናዬ የላቀ ነው። መጀመሪያ የመጣው አረፋ ነበር፣ ቀጥሎ ቀይ ሆነ። ታየች የምትባለው ባለቤቴ ደም ነው አለችኝ፤ እኔ የቀለም ዝቃጭ ይሆናል አልኳት። ሰባት ወልዳ አራት የቀበረች ሴት ስለሆነች ደምን ከቀለም ለመለየት የእኔ ምስክርነት አላስፈለጋትም።

ሁለተኛ። ስለዚሁ ሦስት ጊዜ ማመልከቻ ጽፌአለሁ። በመጀመሪያው ራስ ላይ «ስለ ሽታ ማውራት የአድኃሪያን አሉባልታ ነው» ብለው ፈርመው መለሱልኝ። ፊርማዎ እጅግ ያምራል፤ በማታ ትምህርት ቤት እጅዎን ይዞ ያስጻፈዎ ዳኛው የተባለው ልጄ መሆኑን ስላወቅሁ ወረቀቱን አልቀደድኩትም። በሁለተኛው በነፃ ልጥረገው ብዬ ለመንኩ፤ መልስ አልነበረውም። በሦስተኛው ጊዜ ራሴ ይዤ ብመጣ ቢሻው የተባለው የአብዮት ጥበቃ ጓድ ከደጃፍዎ ላይ በጠብመንጃ ሰደፍ አፌን መታኝና ሁለት ጥርሶቼ ወደቁ። እርስዎም በመስኮት ቆመው ይመለከቱ ነበር። ለዕድሜዬ የማይገባ ሸክም ስላቃለላችሁልኝ አመሰግናለሁ።

ሦስተኛ። ከዚህ በላይ ስሙን ያነሣሁት ልጄ ዳኛው፣ አስተማሪ፣ ዕድሜው ሃያ ስምንት፣ በጥምቀት ማግስት ከቤቴ ተይዞ ወደ ላይኛው ቤት ገባ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ታየች በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ ስንቅ በአገልግል ይዛ ከበሩ ትቆማለች፤ ዘበኞቹ ይቀበላሉ፣ ባዶውን ይመልሳሉ። በዚህ ሰፈር ያለች እናት ሁሉ ሕጉን ታውቃለች፤ ስንቅ ከተመለሰ ሰውየው የለም፣ ከተቀበሉት አለ። ስለዚህ ባዶ አገልግል በመጣ ቁጥር በቤታችን ደስታ ነበር፤ ታየች ውስጡን በጣቷ እየዳበሰች «ዛሬ ሁሉንም ጨርሶታል» ትለኝ ነበር።

በደብረ ዘይት ሳምንት ይኸው ቢሻው ከበሩ ወጥቶ «እማማ ታየች፣ ዳኛው አሞታል፤ ዶሮ ወጥ አማረኝ ይላል» አላት። ክቡር ሆይ፣ ልጄ ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ ሁዳዴን ገድፎ አያውቅም። እናቱ ይህን ስትሰማ ወይ አብዷል ወይ ሊሞት ነው ብላ እያለቀሰች መጣች። የነፍስ አባታችን ለታመመ ይፈቀዳል አሉን። በጾም መካከል ዶሮ ያረድኩት እኔ ነኝ፤ አንገቱን በሁለተኛው ሙከራ ነው የቆረጥኩት። ታየችም ወጉን ሳታጎድል አሥራ ሁለት አድርጋ ገንጥላ፣ ሳትቀምስ ሠርታ ወሰደች። አገልግሉ ባዶውን ሲመለስ ቢሻው «ሸጋ ነበር፤ እጅሽን ይባርከው ብሏል» የሚል መልእክት ጨመረላት። እርሷም ያንን ምርቃት ለጎረቤት ሁሉ ነገረች።

አራተኛ። ቅዳሜ፣ የሆሳዕና ዋዜማ፣ ፈቃድዎን መጠበቅ ስለ ሰለቸኝ የጉድጓዱን ክዳን ራሴ አነሣሁ። መዘጋቱ ከጉድጓዱ በታች፣ ሁለት ቱቦ በሚገናኙበት፣ በወጣትነቴ ሲሚንቶውን ሳላለሰልስ በተውኩት ሻካራ ቦታ ላይ ነበር። የአርባ ዓመት ጥፋቴ ነው፤ አልክድም። ጫፉን እንደ መንጠቆ ያጠፍኩትን ረጅም ብረት ሰድጄ መጎተት ጀመርኩ። ቱቦ የጠረገ ሁሉ እንደሚያውቀው ቀድሞ የሚወጣው የቅርቡ ነው፤ ከሥር የተቀረቀረው ቀድሞ የገባው ነው። በመጀመሪያ ጨርቅ፣ ግማሹ የተቃጠለ ወረቀት፣ ከነሥሩ የተነጨ ጠጉርና የእኔ ያልሆኑ ጥርሶች ወጡ። ቀጥሎ የተጠላለፈ ክር ወጣ። ማተብ ነበር። የሰው አንገት ላይ የሚታሰር ማተብ፣ አንዱ ባንዱ ላይ ተጠምጥሞ የሁለት እጅ ጭብጥ የሚያህል። እርሱን ሳወጣ የዶሮ አጥንት መጣ። በሁዳዴ በዚህ ሰፈር የታረደ ዶሮ አንድ ብቻ ስለሆነ የማን አጥንት እንደሆነ ለማወቅ አልተቸገርኩም።

ከአጥንቱ ሥር ደግሞ ሌላ የማተብ ጥምጥም ነበር። ከሁሉ በታች፣ በሻካራው ሲሚንቶዬ ላይ መጀመሪያ የተያዘው፣ ሰማያዊ ክር ያለበት የወይራ መስቀል ነው። የመስቀሉ ቀኝ ክንድ ከግራው ያጥራል፤ ለዳኛው ክርስትና ስቀርጸው ቢላዬ አዳልጦኝ ነው።

ይህን በመዳፌ ይዤ ተቀምጬ ሳለሁ ቢሻው በአጥር ዘሎ ገባ። ያወጣሁትን ሁሉ ወደ ጉድጓዱ እንድመልስ አዘዘኝ፤ አፈሙዙንም ከደረቴ ላይ አደረገ። እኔም በአካፋ ክንዱን መታሁት፤ አጥንቱ ሲሰበር እንደ ደረቅ ጭራሮ ጮኸ። ጠብመንጃው ከጉድጓዱ ገባ። ጉልበቴን ከደረቱ፣ የአካፋውን ስለት ከጉሮሮው ላይ አድርጌ ዳኛው የት ነው አልኩት። ቢሻው ለጽሕፈት ቤትዎ ከአጥር ላይ ወደቅሁ ብሎ እንዳመለከተ ሰምቻለሁ፤ አልወደቀም። ሐሰቱን ይቅር ይበሉት፤ በስድሳ ሁለት ዓመት ሽማግሌ ተመታሁ ማለት ለታጠቀ ሰው ከባድ ነው። ለእኔ ግን እውነቱን ነግሮኛል፤ ቃሉን ሳልጨምር ሳልቀንስ እጽፋለሁ፦

«አያ ሀብቴ፣ እኔ አልገደልኩትም። የኪዳነ ምሕረት ዕለት ነው ያለቀው፣ የካቲት ውስጥ። ማተብ የምንበጥሰው ካለቁ በኋላ ነው። የተጣሉበትን ሊቀመንበሩ ብቻ ነው የሚያውቀው።»

እንግዲህ ጾሙ ከመግባቱ በፊት የሞተ ልጅ በጾሙ እኩሌታ ዶሮ አማረው። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ፣ አንድ ቀን ሳይስተጓጎል፣ አንዲት እናት ለገዳዮቹ ምሳ ስታመላልስ ቆየች። ክቡር ሆይ፣ የመግደል ሥራ እንደሚያስርብ አላውቅም ነበር። ወጡ ጨው በዝቶበት እንደሆነ ታየች ስላልቀመሰችው ይቅርታ እጠይቃለሁ። እርስዎ ከአሥራ ሁለቱ የትኛው ብልት ደረሰዎት?

የቢሻውን ጉሮሮ አለመቁረጤ ከርኅራኄ እንዳይቆጠርልኝ። አካፋው ደንዝዞ ነበር፤ ሰውየውም የመልእክት ሰው ነው። ከእርሱ ጋር ጉዳይ የለኝም።

በማግሥቱ ሆሳዕና የቆጠርኳቸውን ሃያ ሦስት ማተቦች አጥቤ፣ በጋቢዬ ሥር ታቅፌ ቤተ ክርስቲያን ቆምኩ። በሕማማት ፍትሐት ስለማይደረግ፣ በሳምንቱ ለሚሞት ሰው ሁሉ በሆሳዕና ቀድሞ ይፈታል። ለሚሞተው ሲፈቱ ለሞቱትም ይድረስ ብዬ ታቅፌ ቆሜ ሰማሁ። ካህናቱ በጋቢዬ ውስጥ ያለውን አላወቁም፤ ጠርተው እንዳያደክሟቸው።

ደብዳቤዬን በየበሩ የለጠፍኩት እርስዎን ለማሳፈር አይደለም፤ እንደማይሆን አውቃለሁ። በዚህ ሰፈር ገና ስንቅ የሚያመላልሱ እናቶች ስላሉ ነው። ከማተቦቹ አንዱ ቀይና ጥቁር የተገመደ ክር፣ የነሐስ መስቀል ያለው ነው። አንዱ የሴት ነው፤ ከክሩ ጋር ትንሽ የብር ቀለበት ታስሮበታል። አንዱ መስቀል የለውም፣ ሦስት ቋጠሮ ብቻ ነው። አንዱ የሕፃን ያህል አጭር ነው። ያወቀች እናት ነገ ምሳ አትሥራ። ማተቦቹ ያሉበትን ቦታ እንድታገኘው አድርጌአለሁ፤ እርስዎ ግን ግቢዬን ቢቆፍሩ አያገኙትም።

አሁን ስለ ቱቦው። የእኔ ቤት እድፍ ከትናንት ጀምሮ በደህና ይወርዳል። ከላይኛው ቤት ወደ ጉድጓዴ የሚገባውን አፍ ግን በድንጋይና በሲሚንቶ ደፍኜዋለሁ። ማጠናከሪያ ብረት ስላልነበረኝ የቢሻውን ጠብመንጃ ተጠቅሜአለሁ፤ ለቀበሌው ልማት የዋለ የቀበሌው ንብረት ነውና በመዝገብዎ ያስፍሩት። በዚህ ጊዜ ሲሚንቶውን በደንብ አለስልሼዋለሁ። እስከ ሐሙስ ድንጋይ ይሆናል። ከዛሬ ወዲያ በዚያ ወለል ላይ የሚፈስስ ሁሉ መሄጃ የለውም፤ ከክፍሉ ወደ ኮሪደሩ፣ ከኮሪደሩ ወደ ጽሕፈት ቤትዎ፣ ከዚያም ወደ ጫማዎ ይመጣል። ለበዓል አዲስ ጫማ መግዛትዎን ሰምቻለሁ፤ ያዝልቅልዎ።

የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። ልጄ የት እንደተጣለ ይንገሩኝ። ጉድጓድም ይሁን ገደል፣ ብቻዬን ሄጄ ብቻዬን አወጣዋለሁ፤ ሬሳ የሚያወጣ ሰው አልጠይቅዎትም። ስሙን የምጽፍበትን ድንጋይ ጠርቤ ጨርሻለሁ። ቦታውን በነገሩኝ ቀን ሲሚንቶውን በዚሁ እጄ ሰብሬ ቱቦዎን እከፍትልዎታለሁ፤ ከዚያ በኋላ የወደዱትን ያድርጉኝ። ካልነገሩኝ ግን የደፈንኩትን ለመስበር የሚመጣ ሰው መጀመሪያ በክዳኑ ላይ የተቀመጠውን ሰው መስበር ይኖርበታል። አካፋውንም ትናንት ስዬዋለሁ።

ውድ ጊዜዎን ስላባከንኩ ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ ዕድሜዎን እንደ ልጄ ዕድሜ፣ እንቅልፍዎን እንደ ታየች እንቅልፍ ያድርግልዎ እያልኩ፣ ከማክበር ሰላምታ ጋር ልጽፍ አስቤ ሳምንቱ ስለማይፈቅድ ያለ ሰላምታ እሰናበታለሁ።

ሀብተሥላሴ ውዱ
የዳኛው አባት፣ የቱቦው ቀባሪ

ግልባጭ፦
— ለኅብረት ሱቅ በር፣ ስኳር ለሚሰለፉ
— ለቤተ ክርስቲያኑ ደጀ ሰላም
— ለላይኛው ቤት በር፣ ስንቅ ይዘው ለሚቆሙ

ማሳሰቢያ፦ ታየችን የት እንደሰደድኳት አይፈልጉ፤ እኔን ለማግኘት ግን ሩቅ አይሂዱ፣ ከክዳኑ ላይ ነኝ። በሕማማት ቢመጡ ይመቸኛል፤ የእኔም ፍትሐት ትናንት፣ ሆሳዕና ዕለት፣ ቀድሞ ተደርጎልኛል። ሲጨርሱም ማተቤን እንደ ልማድዎ በጥሰው ወደ ቱቦው አይጣሉት። ተደፍኗል፤ ተመልሶ ወደ እርስዎ ይመጣል።