የባለቤቴ ስም ከኮዱ ስለመፋቁ

ለእነማይ ወረዳ ፍትሕ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ቢቸና

ቀን፦ የካቲት 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

ጉዳዩ፦ ልጄ በነፃ ያካፈለችውን ኮድ ወስዶ የሚሸጥ ድርጅት የሟች ባለቤቴን ስም እንዲመልስ ስለመጠየቅ

አመልካች ውበቴ ዘመነ የቢቸና ከተማ ነዋሪ ነኝ። ማመልከቻ ጸሐፊው ቃሌን እያሳመረ ስላስቸገረኝ በገዛ እጄ ጽፌያለሁ። ፊደሉ ቢንጋደድም ነገሩ ቀጥ ያለ መሆኑን በትሕትና አስታውቃለሁ።

1. ባለቤቴ ወለተ ኢየሱስ ካረፈች አምስት ዓመት ሆናት። አባቷ መሪጌታ ስለነበሩ ባሕረ ሐሳብ ታውቅ ነበር፤ ጾምና በዓል የሚውልበትን ቀን በጣቷ አንጓ ቆጥራ ትናገራለች። ካህናቱ ሳይቀሩ ሰው እየላኩ ያስጠይቋት ነበር፤ ዛሬ ቢጠየቁ ግን አያምኑም።

2. ልጄ አገሬ የኮምፒውተር አስተማሪ ናት። የእናቷን አቆጣጠር ኮድ፣ ማለት ለኮምፒውተር የሚገባው ትእዛዝ አድርጋ ጽፋ፣ ማንም እንዲጠቀምበት በነፃ ለቀቀችው። መሸጥም ይቻላል ብላለች። አንድ ውል ብቻ አሰረች፦ የወሰደ ሁሉ «አቆጣጠሩ የወለተ ኢየሱስ ነው» ብሎ ይጻፍ።

3. ጥር 19 ቀን ጎረቤቴ የልጁን መልስ ደግሶ ጠራን። ማክሰኞ ነው፤ በሬው ታርዷል። ሥጋው ሲቀርብ ግማሹ ሰው ስልኩን አይቶ እጁን ሰበሰበ። «ኧረ ዛሬ ጾም ነው ይላል!» ቄሱ «የማን ጾም?» ብለው ጮኹ። ደጋሹ ሊያለቅስ ደረሰ።

የማን እንደሆነ ከዚያ ሁሉ ሰው የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ። ከሠላሳ ዓመት በፊት በዚያች ቀን በባለቤቴ ወንድም ሠርግ ጥሬ ሥጋ አብዝቼ ለሞት ደርሼ ነበር። ወለተ ኢየሱስ «ቢድንልኝ እጾማለሁ» ብላ ተሳለች፤ ስድን እኔንም ጨምራ በየዓመቱ አስጾመችኝ። ልጄም ከእናቷ አፍ እንደሰማች ከሌሎቹ አጽዋማት ጋር ጽፋዋለች። የበላሁት ሥጋ ልክ ለዚህ አቤቱታ ስለማያስፈልግ አልፈዋለሁ።

4. ያንን ጾምና በዓል የሚናገር የስልክ አፕ የሚሸጠው ሞጣ ያለ ቀመር ሶፍትዌር የሚባል ድርጅት ሆኖ ተገኘ። ስሟ የትም የለበትም። ሞጣ ድረስ ሄድኩ። ሥራ አስኪያጁ ሀብተ ሥላሴ «አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ከባዶ ተነሥተን የጻፍነው እኛው ነን» አለኝ። «እንግዲያ አንተም በሥጋ ታመህ ነው ጥር 19ን የምታስጾም?» አልኩት። አብሮኝ የገባው የጨርቅ ነጋዴ አብዱሰመድ «እኔ እንኳ ጋቢ ስሸጥ የሸማኔውን ስም እጠራለሁ፤ ምላስ ያሳጥራል እንዴ?» ቢለውም እስከ በሩ ሸኝቶ መለሰን።

በማግስቱ ስሟን ይጽፋል ብዬ ስጠብቅ ጾሙን ከአፑ ፋቀው። ማስረጃውን አጠፋሁ ብሎ ነው። የመልሱ እንግዶች ግን አሉልኝ፤ ሥጋ ፊቱ ቀርቦ ሳይበላ የተመለሰ ሰው ቀኑን አይረሳም።

5. ስለዚህ የጾሙን መፋቅ አልቃወምም፤ በዚህስ ከቄሱ ጋር ተስማምተናል። ሽያጩንም አልከለክልም፤ የልጄ ቃል ነው። ነገር ግን ድርጅቱ ተጠርቶ፣ የወለተ ኢየሱስን ስም ከፊት፣ ያለ መነጽር በሚነበብ ፊደል እንዲጽፍ ጽሕፈት ቤቱ እንዲያዝልኝ አመለክታለሁ።

እኔ ስልክ ይዤ አላውቅም፤ እሷ ካረፈች ወዲህ የምደውልለትም የለኝ። ስሟ የተጻፈ ዕለት ግን እገዛለሁ።

ለወንበርዎ ካለኝ ክብርና ከሰላምታ ጋር

አቤት ባይ
ውበቴ ዘመነ
(ፊርማ፣ የራሴ)