ጣራው የቀደመ ጣቢያ

ጥቅምት 11

ብርድ። ዛሬም ምንም አልሠራሁም። በሚያዝያ ከጣራ ወድቄ የሰበርሁት ቀኝ እጄ ሲጠዘጥዘኝ ዋለ። ሆስፒታል ያለችው ባለሙያ “ጣቶችዎ እንዲፍታቱ በየቀኑ በቀኝዎ ይጻፉ” ብላ ደብተር አስገዝታኛለች። ይኸው እየጻፍሁ ነው... በግራዬ። ማን ያየኛል?

ይኸነው መጥቶ ነበር፤ አናጢነት ያስተማርሁት ልጅ። መሣሪያዎቼን ከነሳጥኑ ልግዛዎት አለ። ሚስቴ ማናለብሽም “ዝጎ ከሚቀር ስጠው፣ ተሻገር” አለች። እሷም እንዲህ ትበል? ዋጥ አደረግሁት። ኅዳር 6 ና፣ መልሴን እነግርሃለሁ አልሁት።

ጥቅምት 14

ጋሽ ሀይለመለኮት አስጠሩኝ። የምድር ባቡር ጡረተኛ ናቸው። ሳሎናቸው ውስጥ፣ ጠረጴዛ ላይ፣ በኤሌክትሪክ የምትዞር ትንሽ ባቡር አለቻቸው። ልጃቸው ደግሞ ከውጭ አገር የጣቢያ ቤት ልካላቸዋለች። ፕላስቲክ፣ ተገጣጣሚ፣ መቶ ምናምን ቁራጭ። አንዳንዱ ከምስር አይበልጥም።

“ዓይኔ እምቢ አለኝ፤ አንተ ሥራልኝ።”

“ጋሼ፣ እጄን አያዩትም እንዴ?”

“የተቆረጠ መስሎኝ ነበር። አለ እኮ!”

ተናደድሁ። ካርቶኑን ብድግ አድርጌ ወጣሁ።

ጥቅምት 17

ቁራጮቹን ከተያያዙበት ፍሬም በጥፍር መቁረጫ ለቀምኋቸው። ሦስቱ ከእጄ አመለጡ። አንዷን፣ በሩን፣ ዶሮ ልትውጥብኝ ነበር! ማናለብሽ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ከሚያዝያ ወዲህ እንዲህ ስትስቅ አልሰማሁም።

ጥቅምት 23

ግድግዳው ቆመ። ጣራውንም ገጠምሁ፣ በሙጫ። በሥዕል የተሠራ መመሪያ አለው... አላየሁትም። ስንት ቤት ያቆምሁ ሰው በሥዕል ልመራ?

ጥቅምት 24

ወይ ጉዴ! መስኮቱ፣ መስተዋቱ፣ የትኬት መሸጫው... ሁሉም የሚለጠፈው ከውስጥ ነው። ጣራው ከመገጠሙ በፊት!

እኛ እዚህ እንጅባራ ቤት ስንሠራ መጀመሪያ ምሰሶ ይቆማል፣ ከዚያ ቆርቆሮው ይመታል። ጭቃው የሚመረገው፣ በርና መስኮቱ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። ዝናብ እንዳይቀድመን። እጄ ሠላሳ ዓመት የለመደው ይህን ነው። ጠረጴዛ ላይ ምን ዝናብ አለ፣ አንተ ጅል?

“ሞከርሁ በላቸውና መልስላቸው” አለች ማናለብሽ።

አልመልስም። ይህን ከመለስሁ የመሣሪያ ሳጥኔም ሄደ ማለት ነው።

ጥቅምት 25

የእንጅባራ ብርድ አንድ ቀን ጠቀመኝ። ሙጫው ገና አልጠነከረም። ጥጉ ላይ ምላጭ አስገባሁ። በግራዬ። ጉልበት እንጂ ብልሃት የለውም... ቀጭ! ግድግዳው ተሰነጠቀ።

ምላጩን ወደ ቀኜ አዛወርሁት። ተንቀጠቀጠ። እስኪረጋ ጠበቅሁት። ትንሽ ገፋ፣ ትንሽ አረፍ... ከጠዋት እስከ ምሳ ፈጀብኝ። ጣራው ተነሣ። አለቀስሁ፣ ምን እደብቃለሁ።

ጥቅምት 30

ሰባት መስኮት። ሁሉም በቀኜ።

ኅዳር 4

ጣቢያውን ወሰድሁላቸው። ባቡሯ ዞራ ዞራ በሩ ፊት ስትቆም ጋሽ ሀይለመለኮት ባርኔጣቸውን አወለቁ። ከዚያ ስንጥቁን በጣታቸው ዳሰሱ።

“ይህን ደግሞ ምን ነካው?”

“ጣራውን አስቀድሜ መታሁ፣ ጋሼ።”

እስኪያስላቸው ሳቁ። “እንግዲያማ የእንጅባራ ጣቢያ ነው!”

ኅዳር 6

ይኸነው ሳጥኑን ሊጭን ባጃጅ ይዞ መጣ፤ ደጃፍ ድረስም ጎተተው። አይሸጥም አልሁት። ደነገጠ።

“ጋሼ፣ ጣራ ሊወጡ ነው?”

“ጣራውን አንተ ውጣ። በርና መስኮቱን እኔ እዚሁ ቁጭ ብዬ እሠራልሃለሁ።”

ማናለብሽ ሳጥኑን ከደጃፉ ራሷ ጎትታ ቦታው መለሰችው።

ይህን ገጽ የጻፍሁት በቀኜ ነው። ዶሮ የጫረችው ይመስላል። ግን ይነበባል።